ያለ ምርቃት የሄደች ልጅ

ካርቶኑን በራችን ሥር ተቀምጦ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ታክሲ ስነዳ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤታችን ስመለስ፣ በደረጃው ላይ አንድ መካከለኛ ቡናማ ካርቶን ተቀምጧል። የአድራሻው ጽሕፈት የልጄ ነበር። በቤታችን ቁጥር ውስጥ ያለችውን 7 ወገቧ ላይ አስምራባታለች፤ ይህን ልማድ የወረሰችው ከእኔ ነው፤ አስተማሪዎቿ ሊያስተዋት ሞክረው አልሆነላቸውም። ልጄ ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ከሄደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር።

ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ ብቻዬን ልከፍተው አሰብኩ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ እርሷ ራሷ ተነሥታ መጣችና ፕላስተሩን በወጥ ቤት ቢላዋ ቀደደችው። ከውስጡ ልጃችን የሄደችበት ጂንስ ሱሪ፣ ግራጫ ሹራቧና ነጭ ስኒከሯ ወጡ፤ ካልሲዎቿ ተጠቅልለው በጫማው ውስጥ ተሰክተዋል። ባለቤቴ ሹራቡን አንሥታ ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ካርቶኑን ገልብጣ አራገፈችው፤ የአንገት ማተቧን እየፈለገች ነበር። ማተቡ አለመኖሩን ስታረጋግጥ “እሰይ፣ ከእርሷ ጋር ነው” አለችና ተነፈሰች። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር።

ይህ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን አስቀድመው ነግረውናል። ምልምሎቹ ማሠልጠኛው እንደ ደረሱ ከራስ እስከ እግራቸው አዲስ ልብስ ይለብሳሉ፤ ለብሰውት የመጡት ደግሞ ታሽጎ ወደ ቤተሰብ ይላካል። ልጆቻቸውን ወደዚያ የላኩ ሌሎች ወላጆች ካርቶኑ ሲመጣ ፎቶ አንሥተው ለዘመድ እንደሚያሳዩ ሰምቻለሁ። በእኛ አገር ግን የሰው ልብስ ከባለቤቱ ተለይቶ በማለዳ ወደ ቤት ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ልብሱ በለቅሶው መሐል ይዘረጋል፤ አልቃሿም እያነሣች ታሳየዋለች። እናቴ ታላቅ ወንድሜን የምታለቅስበት ልብስ እንኳ አላገኘችም።

ያን ቀን ጠዋት በወጥ ቤታችን ውስጥ የነበረው ካርቶን የልጄ ብቻ አልነበረም። ይህን ለመረዳት ብዙ ሳምንታት ፈጀብኝ።

ጎተራው

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዋጁ የሚለው ከ18 እስከ 30 ዓመት ስላሉ ወጣቶች ነበር፤ በኋላ በመጣው አፈሳ ግን የዕድሜ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ወንድሜን በ1981 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ገበያ ወሰዱት። ጨው ሊገዛ ነበር የወጣው። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ በደብዳቤውም ብርድ እንደ ጸናበት ነግሮን ጋቢ እንዲላክለት ጠየቀ። እናቴ ጋቢውን በሰው ላከች። ጋቢው ይድረሰው አይድረሰው፣ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

በቀጣዩ ዓመት ተራው የእኔ ሆነ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ከተያዘች በኋላ አፈሳው ስለ በረታ፣ እናቴ በሌሊት አክስቴ ዘንድ ወሰደችኝና በጓሮው ካለ ባዶ ጎተራ ውስጥ አስገባችኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ቀን ቀን ጎተራ ውስጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከበጎቹ ጋር ነበርኩ። ጭቃውና እበቱ ሲደርቅ የሚሰጠው ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ ቆሎ በመቀነቷ ቋጥራ እያመጣች በጎተራው አፍ ታቀብለኝ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እጇን እንጂ ፊቷን አላይም ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሕይወት የተገነባው በዚያ እጅ ላይ ነው። ወላጅ ማለት ልጁን ከወታደር የሚደብቅ ሰው ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ ከትንሣኤ በኋላ በአንድ እሑድ፣ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ የ19 ዓመቷ ልጄ “አባዬ፣ ባሕር ኃይል ልገባ ነው፤ ፈርሜያለሁ” ስትለኝ፣ ከአፌ ቀድሞ የወጣው ቃል “ማን አስገደደሽ?” የሚል ነበር። ጥያቄው አልገባትም። “ማንም” አለች፤ እንደገናም ቀስ ብላ “ማንም፣ አባዬ” አለችኝ።

በሚገባ አስባበት ነበር። ሙያዋንም መርጣለች፤ እናቷ በነርስነት ስትደክም እያየች ያደገች ልጅ በመሆኗ በባሕር ኃይሉ ውስጥ የሕክምና ሙያ ልትማር ነበር። ከማሠልጠኛው በኋላ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ሄዳ እንደምትማር፣ ደመወዟ ስንት እንደሚሆን፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ምን እንደሚያግዛት በተራ ነገረችን። እኔ ግን አንዱንም አልሰማሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የልጄ ቃላት ሁሉ በጆሮዬ የገበያ ጩኸትና የጭነት መኪና ድምፅ ሆኑብኝ።

የሄደችበትን ማለዳ በቤቴ ያየ ሰው ምንም አላጎደልኩም ሊል ይችላል። በጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ሻንጣዋን ተሸክሜያለሁ። እናቷ ግንባሯን ስማ መረቀቻት። ከዚያ ልጄ ወደ እኔ መጥታ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዳስተማርናት፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለችም ጥቂት ቆየች። ምርቃት እየጠበቀች ነበር። እኔ ትከሻዋን ይዤ አቀናኋትና ሻንጣዋን አቀበልኳት፤ “በይ እሺ፣ በሰላም ግቢ” ብቻ አልኳት። አፌ ሌላ ቃል አልወጣው አለ። ብመርቃት ፈቅጄ መላኬ መስሎ ተሰማኝ፤ የእናቴም እጅ በጎተራው አፍ ላይ ሆኖ ሲጠይቀኝ ታየኝ።

ያመለጠኝ ጥሪ

ማሠልጠኛው ያለው ከቺካጎ በስተ ሰሜን፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ግሬት ሌክስ በሚባል ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ መርከበኛ ሲያፈራ የኖረ ቦታ ነው፤ በ1990ዎቹ ኦርላንዶና ሳን ዲዬጎ የነበሩት ከተዘጉ ወዲህ ደግሞ ማንኛውም የባሕር ኃይሉ ተራ ምልምል የሚያልፍበት ብቸኛው በር ሆኗል። ሥልጠናው አሁን ዘጠኝ ሳምንት ነው። ምልምሉ በደረሰበት ሌሊት ወደ ቤቱ ለአንድ አፍታ ደውሎ “ደርሻለሁ፣ ደኅና ነኝ” ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይወሰዳል።

ያ ጥሪ እኔ ዘንድ ሲመጣ ተሳፋሪ ይዤ መንገድ ላይ ነበርኩ። ቁጥሩን ስላላወቅሁት አላነሣሁትም። በኋላ የተቀዳውን መልእክት መንገድ ዳር ቆሜ ሰማሁት፤ ከኋላዋ ጩኸት አለ፤ የእርሷ ድምፅ ከወረቀት ላይ የሚነበብ ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በችኮላ “ቻው አባዬ” አለች። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ያን ሳምንት ስንት ጊዜ መልሼ እንደ ሰማሁት አልቆጠርኩም።

ከዚያ ዝምታው መጣ። ዝምታው የአሠራሩ አካል እንጂ የክፉ ነገር ምልክት እንዳልሆነ ባለቤቴ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን ከጦር ሠራዊት የሚመጣ ዝምታን የማውቀው በአንድ ትርጉም ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ተቀምጬ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩላት። የወንድሜን ታሪክ፣ የጨውን፣ የጋቢውን፣ የጎተራውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ጠዋት ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ፦ “ይህን ሸክም አሁን ልትልክባት ነው? እርሷ የራሷን ተሸክማ ቆማለች።” ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ከማሠልጠኛው የተላከ ወረቀት ደረሰን። ለሁሉም ወላጅ የሚላክ ተመሳሳይ ደብዳቤ ነው። ላዩ ላይ ግን የልጄ ስም፣ የዲቪዥኗ ማለትም አብረዋት የሚሠለጥኑት ምልምሎች ምድብ ቁጥር፣ የምትኖርበት “መርከብ” ስም ነበረበት፤ የመኖሪያ ሕንፃዎቹ ሁሉ በመርከብ ስም ነው የሚጠሩት። ከሁሉ በታች የምረቃዋ ቀን ተጽፏል፤ ነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል። ባለቤቴ ቀኑን አይታ ስለ ልብስና ስለ አውሮፕላን ትኬት ማውራት ጀመረች። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሠራዊት ለወላጅ ደብዳቤ ጽፎ “ልጃችሁ እዚህ ቦታ ናት፤ በዚህ አድራሻ ጻፉላት፤ በዚህ ቀን መጥታችሁ ታገኟታላችሁ” ሲል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እናቴ እንዲህ ያለ አንድ ቁራጭ ወረቀት ብታገኝ ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር ሳስብ ዋልኩ።

ምግብ መላክ አይቻልም። ባለቤቴ ያዘጋጀችው ዳቦ ቆሎ እቤት ቀረ። የሚፈቀደው ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ መጻፍ ጀመርን። እኔ በእንግሊዝኛ ጉዳይ እጨርሳለሁ እንጂ ሆዴን መናገር አልችልበትም፤ ስለዚህ በአማርኛ ጻፍኩላት። ልጄ ፊደል የቆጠረችው በቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ስታነብ እየተንተባተበች ነው። ከመኝታ በፊት ለራሳቸው በሚሰጣቸው ጥቂት ጊዜ ደብዳቤዬን ፊደል በፊደል እየለቀመች እንደምታነብ፣ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሁለት ምሽት እንደሚፈጅባት፣ የጎን አልጋዋ ጓደኛም ጽሕፈቱን እያየች እንደምትደነቅ ጻፈችልን። ስለ ጾሙም ጠየቀችን። የንስሐ አባታችን “ያቀረቡላትን ትብላ፤ እናንተ ጹሙላት” አሉን። ባለቤቴ ያን ፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ቆየች፤ የልጃችንንም ድርሻ ጨምራ መሆኑን ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ።

ውሃው

በደብረ ብርሃን ብርድ ያደገ አባትና በአዲስ አበባ ያደገች እናት የወለዷት ልጅ ዋና ከየት ታመጣለች? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኛ ደጋዎቹ ውሃውን ለዓለም እንልካለን እንጂ ውስጡ አንገባም። ማሠልጠኛው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ምልምሉ ከከፍታ ወደ ጥልቅ ውሃ ይዘላል፤ 50 ያርድ፣ ማለትም 45 ሜትር ያህል ይዋኛል፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ውሃው ደፍቶ ለ5 ደቂቃ ይንሳፈፋል። ይህን ያላለፈ አይመረቅም።

ስለዚህ ነገር የነገሩኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምጽዋ አገልግለዋል። “ኢትዮጵያ” የምትባለው ትልቋ መርከባችን ራሷ ቀድሞ “ኦርካ” የሚል ስም የነበራት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ እንደ ነበረችና በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ እንደ መጣች ያጫወቱኝ እርሳቸው ናቸው። “ያን ጊዜ የእነርሱን መርከብ ተቀበልን፤ ዛሬ ልጃችንን ሰጠናቸው” አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። ጋሼ፣ ዋናው ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃቸዋል ብላቸው እንዲህ መለሱልኝ፦ “ወታደር ሲመታ መሬት ይዞ ይተኛል። መርከበኛ የሚይዘው መሬት የለውም።”

በዚያ ሌሊት ስለ ዋና ገንዳው አነበብኩ። ገንዳው ያለበት ሕንፃ የተሰየመው በ“ኢንዲያናፖሊስ” መርከብ ነው። ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1945 በቶርፒዶ ተመትታ ስትሰጥም 1,195 ሰዎች ነበሩባት፤ በሕይወት የተገኙት 316 ብቻ ናቸው። መርከቧ ስትሰጥም በርካቶች በሕይወት ውሃው ላይ ነበሩ፤ ፈልጎ የሚመጣላቸው አጥተው ለቀናት በውቅያኖሱ ላይ ሲንሳፈፉ አለቁ። ይህን ካነበብኩ በኋላ አምስቱ ደቂቃ በዓይኔ ሌላ ነገር ሆነ። ልጄን የሚያዋክቧት መስሎኝ የነበረው ሥልጠና በሕይወት እንድትቆይላቸው የሚያደርጉት መሆኑ ገባኝ።

ከዚያ በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ ስልኬ ጮኸ። ከቅዳሴ ወጥተን ባለቤቴ ከሰዎች ጋር ስትሳሳም እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ይህን ጊዜ አላሳለፍኩትም።

“አባዬ” አለች። ከዚያ ዝም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

“አለሁ ልጄ፣ እሰማሻለሁ።”

“ዋናውን ወደቅሁ። ሁለተኛዬ ነው። መንሳፈፉ ላይ እፈራለሁ፣ ውሃው አፍንጫዬ ሲገባ እነሣለሁ። ካላለፍኩ ከጓደኞቼ ለይተው ወደ ኋላ ዲቪዥን ይመልሱኛል። የምረቃው ቀንም ይቀየራል፤ ትኬት ገዝታችኋል።” አለቀሰች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አባዬ፣ ወደ ቤት ልምጣ?”

ለዚህች ጥያቄ ነበር አምስት ሳምንት ሙሉ የጸለይኩት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከልጄ አፍ የምትወጣውን ይህችን ቃል በየሌሊቱ መሪ ይዤ ለምኛለሁ። አሁን መጣችልኝ። የሚጠበቅብኝ “ነይ” ማለት ብቻ ነው፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ፊደል። ምላሴ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ለምን እንዳልተናገርኳት ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ያን ጊዜ በዓይነ ልቡናዬ የመጣው ጎተራው ነው፤ ግን ከውጭ ሆኜ ነው ያየሁት። እናቴ የደበቀችኝ እኔ ስላልፈለግሁ ነበር። ከወታደሮቹ የሸሸገችው የልጇን ገላ ብቻ አልነበረም፤ የልጇን ፈቃድ ጭምር ነበር። ልጄ ግን ወደዚያ የሄደችው በእግሯ ነው፤ ማንም አላስገደዳትም፤ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። በደከመችበት ቀን፣ ፍርሃቷን ተጠቅሜ ከመረጠችው መንገድ ብጎትታት፣ የማደርገው እናቴ ያደረገችውን አልነበረም። በዚያ መኪና ውስጥ አፋሹ እኔ ልሆን ነበር።

ስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ጩኸት ተሰማ፤ ጊዜው እያለቀ ነው። ያን ጊዜ ያላሰብኩት ቃል ከአፌ ወጣ።

“እግዚአብሔር ይከተልሽ” አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ፣ “አሜን።”

“የወጣሽበትን ይስጥሽ።”

“አሜን።”

“ክፉ አይይሽ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው። ውሃው ይታዘዝልሽ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ።”

“አሜን፣ አሜን፣ አሜን።” በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የተቀበለችኝ። ስለ ወደ ቤት መምጣት ሁለታችንም አላነሣንም። “አባዬ፣ ጊዜዬ አለቀ” አለችና ተዘጋ። ባለቤቴ የመኪናውን በር ከፍታ ስትገባ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ እያለቀስኩ አገኘችኝ፤ ምን ሆንክ አላለችኝም። “መረቅኳት” አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

በዚያው ምሽት ከአዛውንቱ የተማርኩትን ጻፍኩላት። ቁም ነገሩ መንሳፈፍ ላይ አለመታገል ነው፤ ሳንባሽን በአየር ሙሊና ፊትሽን ለውሃው ተዪለት፤ ሰውነትሽ ራሱ ይነሣል፤ ትንፋሽ ሲያስፈልግሽ ብቻ ቀና በይ፤ ከዚያ ተመለሽ። እኔ በሕይወቴ ተንሳፍፌ የማላውቅ ሰው ለባሕር ኃይል ምልምል ስለ መንሳፈፍ ስጽፍ አላፈርኩም፤ የማውቀውን ሰው ጠይቄ ነው የጻፍኩት።

ወደ ኋላ መለሷት። ጓደኞቿ ሲመረቁ እርሷ በየቀኑ ገንዳው ውስጥ ነበረች። የመጀመሪያው ትኬታችን ተቃጠለ፤ ሌላ ገዛን። በቀጣዩ ሳምንት ከመጣው ደብዳቤ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛው መካከል፣ በትልልቅ የተንጋደዱ ፊደሎች አንድ የአማርኛ መስመር ነበር፤ ከነስሕተቱ እንዲህ ይላል፦ “አባዬ ተነሳፈፈኩ።”

ነጭ ልብስ

የመጨረሻው ፈተና ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ነው። “ትሬየር” በተባለች፣ ሕንፃ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ በተሠራች 64 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት የማስመሰያ መርከብ ላይ 12 ሰዓት ያህል ሳያንቀላፉ እሳት ያጠፋሉ፣ የሚገባውን ውሃ ይደፍናሉ፣ የቆሰለ ያነሣሉ። የሚፈተኑበት ነገር በእውነተኛ መርከቦች ላይ ከደረሰው የተቀዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ኤደን ወደብ ላይ 17 መርከበኞች ባለቁባት “ኮል” ላይ የደረሰውን ጨምሮ። ከእኛ ባሕር ማዶ፣ በዚያ በኩል። ሲነጋ “ምልምል” የሚለውን ቆብ አውልቀው “ባሕር ኃይል” የሚለውን ይደፉላቸዋል። ልጄ በዚያ ማለዳ ስትደውል ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ሳቋ ግን የሕፃንነቷ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ወደ ግሬት ሌክስ ሄድን። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ወላጅ ሞልቶታል። ከፊታችን የነበረች እናት እጇ እየተንቀጠቀጠ ስለ ነበር ባለቤቴ ያዘችላት፤ ቋንቋቸው አይገናኝም፣ አልቸገራቸውም። ትልቁ በር ተከፍቶ ዲቪዥኖቹ ሲገቡ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ለጥምቀት የወጣ ሕዝብ መሰሉኝ። ልጄን ከመሐላቸው ለመለየት ዓይኔ ተንከራተተ። ሁሉም በአንድ እርምጃ፣ ፊታቸው ወደ ፊት። በመጨረሻ በአቋቋሟ አወቅኋት፤ ቀኝ ትከሻዋን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፤ የእናቴ አቋቋም ነው።

ፕሮግራሙ አልቆ ወደ ቤተሰብ እንዲሄዱ ፈቃድ የሚሰጠው ጥሪ ሲሰማ ሕዝቡ ሁሉ ወደ መሐል ፈሰሰ። ልጄ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ጠበቀችን። ስንደርስ እናቷን አቀፈች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ነጭ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ይህን ጊዜ አላቀናኋትም። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መጀመሪያ ያስቀረሁባትን ሁሉ ሰጠኋት፤ በአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ጠበቁን። ማተቧ የት እንዳለ እናቷ ስትጠይቃት ከኪሷ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ አወጣች፤ ማተቡ በውስጡ ነበር፤ ከጎኑም በብዙ መታጠፍ የለሰለሰ የእኔ ደብዳቤ።

ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ “ለአያቴ እንደውልላት” አለች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ለእናቴ አልነገርናትም ነበር፤ ልጅቷ ኮሌጅ ገብታለች ብለናት ነበር የቆየነው። ከ36 ዓመት በኋላም በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ለምትል ሴት፣ የልጅ ልጅሽ ወታደር ሆነች ብሎ እንዴት ይነገራል? “ልብስሽን ቀይሪና እንደውላለን” አልኳት። ልጄ አየችኝ፤ “አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ” አለችኝ። ደወልኩ።

ደብረ ብርሃን መሽቶ ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዛ ለእናቴ ፊቷ ላይ አቀረበችላት። እናቴ ነጩን ልብስ፣ ቆቡን፣ ደረት ላይ ያለውን ስም ቀስ ብላ አየች። ልጄ “እማማ፣ እንዴት ነሽ?” አለቻት። እናቴ ለረጅም ጊዜ አልመለሰችም፤ የመቀነቷን ጫፍ ስትነካካ ይታየኛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር እንዲያደርጉላት በእጇ አመለከተች።

“ደብዳቤ ትጽፋለች?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ትጽፋለች፣ እማዬ” አልኳት።